ከመንገዱ ማዶ የሚጮህ ሰው

እኔ ክር ወጥሬ ጽፌ አላውቅም ነበር። ሌሎች ታፔላ ጸሐፊዎች ከላይና ከታች ክር ወጥረው፣ በጠመኔ አስምረው፣ በማስመሪያ ለክተው ነው ብሩሽ የሚያነሱት። እኔ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ አየዋለሁ፣ ፊደሎቹን በዓይኔ ቦታ ቦታቸውን አስይዛቸዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ብሩሹ ያውቃል። በሰፈሩ "ጋሽ ብሩሽ" የተባልኩት በዚህ ነው። እናት አባቴ ያወጡልኝን ስም የሚያውቁት ባለቤቴና መንግሥት ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ውርደቱ የጀመረው በአናጢው ታፔላ ነው። አናጢው ከሱቄ ፊት ለፊት አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ፣ አፉ ከመጋዙ የማያንስ ጎረቤቴ ነው። "የቤትና የቢሮ ዕቃዎች እንሠራለን" ብዬ ጻፍኩለት፤ ሰቀለው፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየውና ሳቁን ለቀቀው።

"ጋሽ ብሩሽ፣ ምነው፣ ቀለም አለቀብህ?"

"የምን ቀለም?"

"'የቤትና' በሬ አክሏል። 'እንሠራለን' የተጻፈችው ለጉንዳን ነው እንዴ?"

ወጥቼ አየሁት። እውነቱን ነው። ፊደሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየራቀ እንደሚሄድ ሰው እያነሱ፣ እያነሱ ሄደዋል። ደሜ ፈላ። ስጽፋቸው እኮ እኩል ነበሩ፤ ማል ቢሉኝ እምል ነበር። መነጽሬን ወቀስኩ፤ መብራቱን ወቀስኩ፤ ሰሌዳህ ጠማማ ነው ብዬ አናጢውንም ተጣላሁት። ደግሜ ጻፍኩለት። ሁለተኛውም አነሰ።

ሌላም ሌላም ምልክት ነበረ፤ እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከበር ስትገባ አፍንጫዋን ይዛ "ቤቱን በቲነር ፈጀኸው!" ስትል እኔን ምንም አይሸተኝም። ቀኝ እጄ ሥራ ሲይዝ ሰላም ነው፤ ጭኔ ላይ ሳሳርፈው ነው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው፤ ስለዚህ ሰው ፊት ከኪሴ አላወጣውም። "ምን አስቆጣህ?" የሚለኝ ሰውም በዛ። እውነት ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥቼ ነው። ግን ሳልቆጣም እንዲሁ ይሉኝ ጀመር፤ ያ ደግሞ በተራው ያስቆጣል።

በመጨረሻ ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጣቶቼን እንድከፍትና እንድገጥም አዘዘኝ፣ በኮሪደሩ አመላለሰኝ፣ ከዚያ ወረቀት ሰጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ እንድጽፍ አደረገኝ። ጽሕፈቴ ቁልቁል እያነሰ ሲሄድ ራሱን ነቀነቀ። ስለ አናጢው ታፔላ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ሰውየው ግን ታፔላውን ያየ ይመስል ነበር።

"ፓርኪንሰን ይባላል" አለኝ። "የሚያድነው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚያግዝ ግን አለ። ከእርስዎ ጋር ይኖራል፤ እርስዎም ከእሱ ጋር መኖር ይለምዳሉ።"

የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የምግቡን ነገር፣ የእንቅልፉን ነገር አንድ በአንድ የጠየቀችው ባለቤቴ ናት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አስቆምኳትና "ማይልኝ" አልኳት። "ለማንም አትናገሪም። ለእህትሽ አትናገሪም፣ ለልጃችን አትናገሪም፣ ለአናጢውማ ጭራሽ! እጁ የሚንቀጠቀጥ ጸሐፊ ማን ያሠራዋል? ነገ ጋሽ ብሩሽ መባሌ ቀርቶ በሽተኛው ነው የምባለው።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለችኝ።

"መድኃኒቱ ኪሴ ውስጥ አለ። ማይ!"

ማለች። ባለቤቴ መሐላ ላይ ቀልድ አታውቅም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤታችን የፊት ክፍል ቀን ሙሉ ቀሚስ በሚለኩ ሴቶች የተሞላ ነው፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእሷ መርፌ ቀዳዳ ያልፋል። ያም ሆኖ አንዲት ቃል አላወጣችም። ጣቶቼ ቁልፍ አልቆልፍ ሲሉኝ ሸሚዞቼን ሁሉ ሰብስባ ቁልፎቹን ለወጉ ከላይ ሰፋችና ከሥር የሚጣበቅ ጨርቅ አደረገችባቸው። ለሚያየኝ ቁልፌን ቆልፌ የወጣሁ እመስላለሁ። "ለምን አትሸኚኝም?" ብላ የተቀየመች ደንበኛም፣ "ባልሽ ምነው ኮራብን?" ያለች ዘመድም ነበረች፤ ለሁሉም አንድ አንድ ውሸት ሰፍታ አልብሳ ሸኘቻቸው። እኔ የራሴን ነገር እንጂ የእሷን ልብ አላልኩም።

ከአናጢው ወዲህ የምሠራው ትንንሹን ብቻ ሆነ። የቤት ቁጥር፣ "የሚከራይ ቤት"፣ "ውሻ አለ"። "ውሻ አለ" ጥሩ ሥራ ነው፤ ለማነስ ጊዜ የለውም።

ለማንም አልናገርም ብላ የማለችው ባለቤቴ፣ በሽታውን የሚያውቁ ሰዎች አላፈላልግም ብላ ግን አልማለችም። መድኃኒት የምታድለው ነርስ ጠቁማት ኖሮ አንድ ረቡዕ ከሰዓት ኮቴን ይዛ ፊቴ ቆመች። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይሄው በሽታ ያለባቸው ሰዎች በየሳምንቱ ይገናኛሉ አለችኝ።

"እኔ ስብሰባ አልወድም።"

"ስብሰባ አይደለም።"

"ሰው ወንበር ላይ ክብ ሠርቶ ካወራ ስብሰባ ነው። አሁን አንዱ ተነስቶ 'ድር ቢያብር' ማለቱ አይቀርም።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችና ኮቱን አለበሰችኝ።

የምድር ቤቱ በር ጋ ስደርስ እግሬ አልነሳም አለ። ያን ሰሞን የጀመረኝ አዲስ አመል ነው፤ ጠባብ በር ሲያይ እግሬ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። ውስጥ ሰባት ስምንት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም አዩኝ፤ አንዳቸውም አልተነሱም። ባለቤቴ ክንዴን ልትይዝ ስትል ከዳር የተቀመጠች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ወገቧ ቀጥ ያለ ሴት እጇን አንስታ አስቆመቻት። እንደ ወታደር ነው ያነሳችው።

"ከእግርህ ፊት መስመር አለ" አለችኝ። "እሱን ተሻገር።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወለሉ ላይ በእርምጃ ልክ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል። የመጀመሪያውን ልሻገር እግሬን አነሳሁ፤ ተነሳ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እንዲያ እያልኩ ወንበር ላይ ደረስኩ። ተገርሜያለሁ፤ ደግሞም ተናድጃለሁ።

"የሚያግዝ ሰው የለም እዚህ ቤት?" አልኩ።

"ሕግ አለን" አለች ሴትየዋ። "ሳይጠየቅ ማገዝ ክልክል ነው። ያቋረጥከውን ንግግር ማንም አይጨርስልህም፤ ቁልፍህን ማንም አይቆልፍልህም፤ ሻይህን ማንም አይዝልህም። ስትፈልግ አፍ አውጥተህ ትጠይቃለህ። የጠየቀ ደግሞ እምቢ አይባልም።"

"መስመሩን ግን ሳልጠይቅ ነገርሽኝ።"

"እሱ እርዳታ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።"

ጡረታ የወጣች ትራፊክ ፖሊስ ናት። በሽታው አንድ ጎኗን ቢያዘገየውም "እርስዎ" ማለትን አላስተማራትም፤ ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ እያለች እንደ መኪና ታስተናግዳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ለእኔ ትራፊኳ ሆነ።

ከጎኔ የተቀመጠው ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ መምህር ነው። እያወራኝ ነበር፤ ግን ከንፈሩን እንጂ ድምፁን አላገኘሁትም። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ይሄ በሽታ ያሳንሳል" ነበር የሚለኝ። "እርምጃን ያሳንሳል፣ ድምፅን ያሳንሳል፣ ጽሕፈትን ያሳንሳል። ተንኮሉ ምኑ ላይ ነው መሰለህ? ላንተ ያነሰ አይመስልህም። እኔ አሁን እየጮህኩ ነው የሚመስለኝ። ሚስቴ ግን 'ምን ታንሾካሹካለህ?' ትለኛለች።"

ፊደሎቹ ሲጻፉ እኩል ነበሩ ብዬ ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ! ዓይኔ ፈዘዘ ወይስ አእምሮዬ ሊለቀኝ ነው ብዬ ስንት ሌሊት ፈርቻለሁ! ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረኝ እንጂ ያለሁበትን የነገረኝ መምህሩ ነው። ታፔላ ጸሐፊ መሆኔን፣ የአናጢውን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እስኪበቃው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ረቡዕ አልቀረሁም። ደረት ነፍተን እንጮሃለን፤ እጃችንን ከትከሻ በላይ እየወረወርን ኮሪደሩን እንመላለሳለን። የሥራችን ቃል አንድ ነው፤ "ትልቅ!" እርምጃው ሲያጥር "ትልቅ!"፣ ድምፁ ሲሰልል "ትልቅ!" አንዱ ሲያዘግም ትራፊኳ ከኋላ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አንተ ከእንቁላል ታንሳለህ?" ትላለች። የወለሉ ፕላስተር ሲላጥ "መስመሩን በቀለም ሥራልን" ብለው ጠየቁኝና ሠራሁላቸው። ሁሉም አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፤ አንዱ ኮቱን፣ አንዱ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ አንዷ ደግሞ ለልጇ እንዴት እንደምትነግር። እኔ ግን አንድም ቀን ምንም ጠይቄ አላውቅም። ስገባ ማን አየኝ ብዬ ግራ ቀኙን አይቼ፣ ስወጣም ግራ ቀኙን አይቼ ነው።

ታዲያ ርዕሰ መምህርቷ መጣች። ትምህርት ቤቱ ከሱቄ ከፍ ብሎ በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ የመንገዱ ዳር አጥሩ ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ቢቆም የሚያህል ግንብ ነው።

"ጋሼ፣ አጥራችንን ነጭ አስቀብተነዋል" አለችኝ። "ትምህርት ሳይከፈት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉልን ነበር። ከሩቅ የሚነበብ፣ ግዙፍ።"

"ምን የሚል?"

"'ያልገባው ይጠይቅ፤ የገባው ያስረዳ።' መምህራኑ ለሌላ ሰው ስጪው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን በልጅነቴ ፊደል ያጠናሁት ከእርስዎ ታፔላዎች ነው።"

"እሺ" አልኳት። አፌ ነው የቀደመኝ። ከሄደች በኋላ ነው ያሰብኩት። ይሄን ግንብ ከጻፍኩ ጸሐፊ ነኝ። ካቃተኝ ግን መንገዱ ሁሉ እየሄደ እየመጣ የሚያነበው የውርደት ታፔላ ሰቀልኩ ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ አናጢው ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነው የሚያየው። ባለቤቴ ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች።

"ምን ነካህ?"

"ምንም አልነካኝም። እጽፈዋለሁ።"

"ማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ወጣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እንደ ጀማሪ ክር ወጠርኩ፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ በጠመኔ አስመርኩ። የምድር ቤቱ መስመር እግሬን ካስነሳው የግንቡ መስመር እጄን ያስነሳዋል ብዬ ነው። "ያልገባው" ብዬ ጻፍኩ። ክንዴን ከትከሻዬ እየወረወርኩ ነው የጻፍኩት፤ ኮርቼም ነበር።

የግንብ ጽሑፍ ደግሞ አንድ ጉድ አለው፤ አጠገቡ ሆነህ አታየውም። አፍንጫህ ስር ያለው ቀለም ብቻ ነው። ዱሮ አንድ ፊደል በጻፍኩ ቁጥር መንገዱን በሁለት ዝላይ ተሻግሬ፣ ከማዶ አይቼ እመለስ ነበር። አሁን መንገድ መሻገር ራሱን የቻለ ጉዞ ሆኗል። የእግረኛው ጠርዝ ላይ እግሬ ተጣበቀ፤ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ እንጃ፤ አንድ ባለ ጋሪ "አባባ፣ ይሻገራሉ ወይስ ይጠብቃሉ?" ብሎኝ አለፈ። ማዶ ስደርስ ዞሬ አየሁ። "ያ" ሁለቱንም መስመር ነክታለች። "ው" ከሁለቱም ርቃ መሃል ላይ ተንሳፍፋለች።

ቃሉን በነጭ ቀለም አጠፋሁት። እጄ ስለ ዛለ እሱም ጊዜ ወሰደ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ብሩሾቹን ተቀብላ ማጠብ ያዘች። ሆድ ባሰኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

ረቡዕ ለቡድኑ ነገርኳቸው። የግንቡን ነገር፣ የ"ው"ን ነገር፣ የመንገዱን ነገር ከነንዴቱ ተናገርኩ። ስጨርስ መምህሩ ጫማውን ያያል፤ ትራፊኳ እኔን ታያለች። አንድም ሰው "አይዞህ፣ እኔ አለሁ" አላለም።

"ይኸው ነው?" አልኩ። "እናንተም አብሮ መሆን ትሉታላችሁ! ሰው እንዲህ ሲቃጠል ቁጭ ብሎ ማየት!"

"ጠይቀሃል?" አለች ትራፊኳ።

"ተናገርኩ እኮ!"

"ተናግረሃል። አልጠየቅህም።"

ብድግ አልኩና ወደ በሩ ሄድኩ። ኮቴን እንኳ በቅጡ አልለበስኩም። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ተጣበቀ። እንዲያ ተናዶ ወጥቶ በሩ ላይ እንደ ሚስማር ተተክሎ መቅረት ምን ያህል እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ከኋላዬ ግን ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተነሳም። መስመሩ ፊቴ ነው፤ ራሴ የሠራሁት ቢጫ መስመር። ተሻግሬው መሄድ እችላለሁ።

አልሄድኩም። ጀርባዬን እንደ ሰጠኋቸው ቆሜ አሰብኩ። እነዚህ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ከጮሁልኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አናጢው ያውቃል፤ የባለቤቴ ደንበኞች ያውቃሉ። ካልጮሁልኝ ደግሞ ግንቡን ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ እኔ ሱቄ ውስጥ እጄን ኪሴ ከትቼ "ውሻ አለ" እየጻፍኩ ጋሽ ብሩሽ እባላለሁ። የማይጽፍ ጋሽ ብሩሽ ምን ይሠራልኛል? ስሙ ይቅርብኝ አልኩ። እጄን ነው የምፈልገው።

"ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚጮህልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አልኩ፣ በሩን እያየሁ። "ፊደሉ ሲያንስ 'ትልቅ' የሚለኝ። እባካችሁ።"

ከዚያ ከወደ ኋላ ትንኝ የመሰለች ድምፅ ሰማሁ።

"እኔ" አለ መምህሩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁላችን ድምፅ የሌለው እሱ ነው! እሱም አብሮ ሳቀና "የገባኝን ነው የማስረዳው" አለ። እኔም ሳቄን ሳልችል ስቀር እግሬ ተላቀቀ።

"እንግዲያው እሑድ በማለዳ" አልኩ።

"ለምን እሑድ?" አለች ትራፊኳ። "መድኃኒትህ የሚሠራበትን ሰዓት ንገረኝ እንጂ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት አትንገረኝ። ቅዳሜ ነው።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወገቤን ታጥቄ ግንቡ ሥር ቆምኩ። መንገዱ በሰው ጢም ብሏል። መድኃኒቴን ውጬ እስኪሠራ ጠብቄያለሁ፤ ባለቤቴ ከጎኔ የቀለሙን ጣሳ ይዛለች። መምህሩ ማዶ፣ ከአናጢው ሱቅ ከፍ ብሎ ቆሟል። ትራፊኳ የዱሮ ኮፍያዋን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አድርጋ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተተክላለች፤ ማንም አላዘዛትም፣ መኪናው ሁሉ ግን ይታዘዛታል። የቀሩትም ከአጥሩ ጥግ በተርታ ቆመዋል።

ብሩሼን ነከርኩ።

"ትልቅ" አለ መምህሩ። አልሰማሁትም፤ አውቶቡስ እያለፈ ነበር።

"መምህር!" አለች ትራፊኳ። "ከኋላ ወንበር የተኙት ተማሪዎች አልነቁልህም!"

መምህሩ ደረቱን ነፋ። ፊቱ ሲቀላ ከዚህ ማዶ ይታየኛል።

"ትልቅ!"

መንገዱ ሁሉ ዞረ። አናጢው መጋዙን አቆመ። እኔ "ያ"ን ጻፍኩ። "ትልቅ!" "ል" መጣች። "ትልቅ! ላይኛውን መስመር አልነካህም!" ክንዴን ወረወርኩ፤ ነካሁ። "ገ"፣ "ባ"፣ "ው"። ከዚህች "ው" ጋር ቂም ነበረኝ፤ ከሁሉም አብልጬ አሰፋኋት።

"ይጠይቅ"ን እንደ ጨረስኩ ክንዴ ዛለ። ዱሮ ቢሆን ሰበብ ፈልጌ ወደ ሱቄ እገባ ነበር። አሁን የትም አልሄድኩም። አናጢው ወንበር ይዞ ሲመጣ አየሁና ተቀመጥኩ። እጄ ጭኔ ላይ አረፈና ያመሉን ጀመረ። ወደ ኪሴ ልሰደው ብዬ ነበር፤ ኮቴ ግን ግንቡ ላይ ተሰቅሏል። እዚያው ተውኩት። አናጢው እጄን አየ፣ ግንቡን አየ፣ መልሶ እጄን አየ። ሁለተኛውን መድኃኒት ሰዓቱ ሲደርስ ዋጥኩ፤ ሲሠራልኝ ተነሳሁ።

"የገባው" አለቀ። መምህሩ ድምፁ እየተከፈተለት ሄዶ አሁን እንደ ጡሩንባ ይጮሃል፤ በየመሃሉ ያስላል፤ ይስቃልም። "ያ"፣ "ስ"፣ "ረ"። አንድ ፊደል ቀረ።

ያኔ ነው አናጢው ወደ ባለቤቴ ጠጋ ያለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን ከጀርባዬ ነበሩና ሰማሁ።

"እትዬ፣ ሰውየው ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም" አለች ባለቤቴ። "ምንም አልሆነም። ሰሞኑን ሥራ በዝቶበት እንቅልፍ አጥቶ ነው።"

አንዲት ቅጽበት እንኳ አላሰበችም። መንገዱ ሁሉ እያየኝ፣ እጄ ሜዳ ላይ ሲንቀጠቀጥ ውሎ፣ ሰው በየፊደሉ እየጮኸልኝ፣ እሷ አሁንም መሐላዋን ትጠብቃለች። ውሸቷ አፏ ላይ የተዘጋጀ ነው፤ ስንት ጊዜ ብትለው ነው እንዲህ የለመደችው? እኔ ረቡዕ ረቡዕ የምስቅበትም የምናደድበትም ክፍል ነበረኝ። እሷ ማን ነበራት?

ብሩሼን ይዤ ዞርኩ።

"ንገሪው" አልኳት።

ድምፄ አነሰ መሰለኝ፤ ወይም ጆሮዋን አላመነችውም።

"ንገሪው!" ብዬ ጮህኩ። "ለእሱም ለሌላውም ንገሪ። እኔ እንዳትናገሪ አስምዬሽ ነው። ይቅር በይኝ።"

አየችኝ። የቀለሙን ጣሳ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ለአናጢው ነገረችው። ፓርኪንሰን እንደሚባል፣ ታፔላው ያነሰው በሰሌዳው መጣመም እንዳልሆነ ነገረችው። ስለ ቁልፎቹ ነገረችው፤ ስለ እህቷ፣ በስልክ ስለምትዋሻት ልጃችን ነገረችው። ደንበኞቿ ተጠጉ፤ ለእነሱም ከመጀመሪያው ደገመችላቸው። "ማታ ማታ ሲተኛ እንዳይወድቅ ብዬ ነቅቼ አየዋለሁ" አለች። "እኔም እኮ ፈርቼ ነበር። በጣም ነው የፈራሁት። የማዋየው ሰው አልነበረኝም።" ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ አንዷ ደንበኛዋ እቅፍ አደረገቻት፤ አናጢው መሬት መሬት እያየ "እኔ ደግሞ ለጉንዳን ነው አልኩት" አለ።

እኔ ይሄን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቤት እየኖርን፣ በአንድ አልጋ እየተኛን፣ መፍራቷን ከአናጢው ጋር እኩል ሰማሁ። ብሩሼ ላይ ያለው ቀለም ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል። መምህሩም መጮኹን ረስቶ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ከሴቶቹ ጀርባ ይሰማል፤ ትራፊኳም መኪኖቹን ለዕድላቸው ትታቸዋለች። ማንም አላቋረጣትም። እኔም ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

ስትጨርስ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ ጣሳውን አነሳች፣ ዙሪያውን አየችና መምህሩ ላይ ዓይኗ አረፈ።

"መምህር፣ እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አለችው። "ይሻገሩ እንጂ! ሰውየው እኮ ገና አንድ ፊደል ይቀረዋል።"